ኪሎ የሚያወርድ ዕቁብ

ምግብ ቤት ያላት ሴት ስለ ክብደት መቀነስ ስትጽፍ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ሐኪሜ ግን አልሳቀም፤ «ስኳርሽ እየወጣ ነው» አለኝ።

እዚሁ ጣሊያን፣ ፒዬሞንቴ ውስጥ ቫራሎ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ2007 እ.ኤ.አ. ከንቲባዋ ጃንሉካ ቡዎናኖ በአንድ ወር 4 ኪሎ ለቀነሰ ወንድ፣ 3 ኪሎ ለቀነሰች ሴት 50 ዩሮ እንሰጣለን አሉ። ለ5 ወር ሳይመለስበት ለቆየ ደግሞ ሌላ 200 ዩሮ።

ልብ በሉ፤ ትልቁ ገንዘብ ለቀነሰ ሳይሆን ቀንሶ ለቆየ ነው። ይህን እኛም እናውቀዋለን። በሁዳዴ 55 ቀን ጾመን ያወረድነውን በፋሲካ ሳምንት በዶሮ ወጥና በክትፎ እንመልሰው የለ?

እኛ ከንቲባ የሚሰጠን ስለሌለ፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ዕቁብ ቢጤ ጀመርን። እያንዳንዳችን 50 ዩሮ አስቀመጥን፤ ቀንሶ ያላቆየ ገንዘቡን አያገኝም። የራስ ገንዘብ ሲሄድ ያማል! ዳኛችን የፋርማሲው ሚዛን ነው። ሰኞ ሰኞ ቤቴ ዝግ ስለሆነ ከቲቡርቲና ጣቢያ እስከ ቪላ ቶርሎኒያ በእግራችን እንሄዳለን።

እኔ 3 ኪሎ ወረድኩ፤ በሁለተኛው ወር አንዱ ተመለሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያስጀመረኝ ገንዘቡ ነው፤ አሁን ከአልጋ የሚያስነሳኝ ግን ጓደኞቼ በር ላይ ቆመው መጠበቃቸው ነው።

እናንተም ሞክሩት። አደራ፣ ለማሸነፍ ብላችሁ አትራቡ፤ መድኃኒት የምትወስዱም መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። እኔ ቤት መጥታችሁ «አንድ እንጀራ ይበቃኛል» ብትሉም አልቀየምም።