ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው እንዴት ይሄዳል?

ሐሳብ እንደ ነፋስ በራሱ እየነፈሰ ከልብ ወደ ልብ ይገባልን፤ ወይስ ሰው አስቦ ለሰው ይነግረዋል? እያሉ የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ። እኔ ለዚሁ ነገር ምስክር አድርጌ የማቀርበው በለገጣፎ ዙሪያ የቆመውን ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ እንጂ የአገራችን ዛፍ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ማገዶ እየጠፋ ሕዝቡ ስለ ተቸገረ፣ በ1880ዎቹ ማለቂያ ዘሩ ከውጭ አገር መጣ። ዳግማዊ ምኒልክም ችግኙ በርካሽ እንዲታደል፣ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ቢሆንም ከእናቱ ሥር ብዙ ርቆ አይወድቅም፤ ስለዚህ እስከ ሱሉልታ፣ እስከ ሰበታ፣ እስከ ለገጣፎ ያደረሰው የሰው እጅ ነው።

ነገር ግን አዋጅ ሁሉን አያደርስም። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ዛፉ ውኃ ያደርቃል ተብሎ ከሦስት ሁለት እጁ እንዲነቀል ታዝዞ ነበር፤ ትእዛዙ ግን ብዙም አልተፈጸመም። ቅጠሉ ለምጣድ መልካም ማገዶ መሆኑን አንዲቱ ሴት ለአንዲቱ ነግራት፣ ግንዱም ለቤት ማገርና ለገንዘብ ሆኖ ነበርና፣ ማን ይንቀለው?

እኔ በምጽፍበት ችሎት አንዲት ወይዘሮ በድንበር ላይ በተከሉት ባሕር ዛፍ ምክንያት በጎረቤታቸው ተከሰው ቀረቡ። ከሳሽ «ጤፌን አደረቀብኝ» ይላሉ። ዳኛው «ስለ ምን ተከሉት?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ሰው ሁሉ ይተክላል፤ እናቴም ተክላ ነበር» አሉ። ይህን ቃል በመዝገብ ስጽፍ፣ ሐሳብ ያለ ነጂ ይሄዳል የሚሉት ሰዎች የረቱኝ መሰለኝ።

ዳኛው ግን አልተዉአቸውም። «እናትዎስ ስለ ምን ተከሉ?» አሏቸው። ወይዘሮዋ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ጌታዬ፣ አባቴ የሞተ ጊዜ ማገዶ ሽጣ አሳደገችን። አንቺም የተቸገርሽ ቀን እንዳትለምኚ ትከዪ ብላኛለች» አሉ። እነሆ ምክንያቱ ከሥር ነበረ፤ ሲነገር ሲነገር ግን ተክሉ ብቻ ቀርቶ ምክንያቱ ተረስቶ ኖሯል። የጎረቤትን ማሳ መጠንቀቅ እንደሚገባ ግን ከመጀመሪያውም የነገራቸው አልነበረም።

ሽማግሌዎች ገብተው በድንበሩ ያለው እንዲቆረጥ፣ ሌላው እንዲቆይ አስታረቋቸው። ወይዘሮዋ ሲወጡ ከደጅ የቆመችውን ልጃቸውን እጇን ይዘው፣ «ስትተክዪ ከሰው እርሻ ራቅ አድርጊ፤ ለምን እንደ ሆነ መንገድ ላይ እነግርሻለሁ» ሲሏት ሰማሁ።