ለአንድ ጉንጭ አምስት ምላጭ!

ጺም የማያበቅል ወይም ጺሙን እንዳሻው የለቀቀ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያልፈው ቅር አልሰኝም። የምጽፈው በየማለዳው ከመስተዋት ፊት ቆሞ የገዛ አንገቱን ለሚያደማው ሰው ነው። በተለይም በተላጨ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን አገጩ ሥርና ጉሮሮው ላይ ምስር የሚያክል እብጠት ለሚወጣበት፣ ያንኑ በጥፍሩ እየፈነቀለ፣ አልኮል እየቀባ፣ «ምን ላድርግ፣ ቆዳዬ አይወድልኝም» እያለ ለሚኖረው። ቆዳህ ምንም አልበደለህም ልለው ነው። የበደለህ የያዝከው መሣሪያ ነው፤ ከመሣሪያውም ይልቅ መሣሪያውን የሸጠልህ ሰው ዝምታ ነው።

«ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» ይላል ያገራችን ሰው፣ ለማይሆን ነገር። ይኸው ሆኖ አየነው፤ ምላጭ አበጠ። እ.ኤ.አ. በ1971 ጂሌት ሁለት ምላጭ አንዱን ከአንዱ ኋላ አስከትሎ «ትራክ ቱ» የተባለ መላጫ ገበያ ላይ አወጣ። በ1975 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራም በመጀመሪያው ዝግጅቱ ባለ ሦስት ምላጭ መላጫ የሚያስተዋውቅ የውሸት ማስታወቂያ ሠርቶ ሕዝቡን አሳቀ። የቀልዱ ፍሬ ነገር ሰው የነገሩትን ሁሉ ያምናል የሚል ነበር። በ1998 ቀልዱ እውነት ሆኖ «ማክ ስሪ» በሚል ስም ተሸጠ። በ2003 ሺክ አራት ምላጭ አለ፤ በ2006 ጂሌት «ፊዩዥን» ብሎ አምስት አደረሰው፤ ኮሪያዎቹ ደግሞ ሰባት ድረስ ገፉት። ጉንጫችን ግን ያው ሁለት ነው።

ለምን? «በንጽሕና ለመላጨት» ይሉናል። እኔ ግን የምላጩ መብዛት ከጺም ጉዳይ ይልቅ የቁልፍ ጉዳይ ነው እላለሁ። ለዚህም ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይበጃል።

ኪንግ ካምፕ ጂሌት የጠርሙስ ቆርኪ እየዞረ የሚሸጥ ሰው ነበር። ቆርኪውን የፈለሰፈው አለቃው፣ ሰዎች ተጠቅመው የሚጥሉትንና ተመልሰው የሚገዙትን ነገር እንዲፈጥር እንደመከረው ይነገራል። ሐሳቡ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ ነገር ግን ያን ያህል ስስ ብረት አጠንክሮ ማሳል አይቻልም ስለተባለ ዓመታት ፈጀ። ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ባይደርስለት ኖሮ ሐሳብ ሆኖ በቀረ ነበር። ኩባንያው በ1901 ተቋቋመ፤ ሽያጭ በጀመረበት በ1903 የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነው። በማግሥቱ ዓመት ግን ከ90,000 በላይ መላጫ ሸጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫና ከ30 ሚሊዮን በላይ ምላጭ ገዛ። (የሚገርመው ይኸው ሰው በ1894 ውድድርን የሚያወግዝ፣ ፋብሪካ ሁሉ በአንድ የሕዝብ ኩባንያ ሥር እንዲጠቃለል የሚመክር መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ሕዝቡ ባይሰማውም ገበያው የሰማው ይመስላል።)

ጂሌት መላጫውን በነፃ እየሰጠ በምላጩ ከበረ የሚባለውን ተረት ብዙ ሰው ያውቀዋል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ምሁር ራንዳል ፒከር በ2010 እንዳሳየው ነገሩ እንዲያ አልነበረም። በ1904 የተሰጠው የፈጠራ መብት እስካለ ድረስ መላጫው በ5 ዶላር ነበር የሚሸጠው፤ ይህ በዘመኑ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ዋጋው የወረደው በ1921 የመብቱ ዘመን ሲያልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ያን ስስ ምላጭ ማንም መሥራት ቻለ። ዛሬ የእስክንድርያው «ሎርድ»፣ የቱርኩ «ደርቢ»፣ የጃፓኑ «ፌዘር» ሁሉም በአንድ ልክ የተቀደዱ ናቸው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይገባል። መላጫውን የገዛ ሰው የማንም እስረኛ አይደለም።

ነጋዴውን እንቅልፍ የነሣው ይህ ነው። ስለዚህ ምላጩን በላስቲክ ውስጥ አሽጎ፣ ከራሱ እጀታ በቀር በሌላ እንዳይገባ አድርጎ፣ አዲስ የፈጠራ መብት አወጣበት። መብቱ ሲያረጅ አንድ ምላጭ ይጨምርና እንደገና ይቆልፋል። አሜሪካን አገር የአንዱ ባለ አምስት ምላጭ ራስ ዋጋ ሃያና ከዚያ በላይ ተራ ምላጭ ይገዛል። ገንዘቡ የገዢው ስለሆነ እሱን ልተወው። ቆዳውን ግን አልተወውም።

ሁለትና ከዚያ በላይ ምላጭ ያለው መላጫ የሚሠራው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ምላጭ ጸጉሩን ይዞ ከሥሩ ሳብ ያደርገዋል፤ ጸጉሩ ወደ ጉድጓዱ ሳይመለስ ተከታዩ ደርሶ ይቆርጠዋል። የተረፈው ጸጉር ሲመለስ ጫፉ ከቆዳው በታች ይገባል። ለሉጫ ጸጉር ይህ ጉዳት የለውም፤ እንደገባ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የእኛ ጺም ግን ከርዳዳ ነው። የበቀለበት ጉድጓድ ራሱ ጎባጣ ነው። በሰያፍ ተቆርጦ እንደ ጦር የሾለ ከርዳዳ ጸጉር ከቆዳ በታች ሲቀር መውጫውን አያገኝም፤ የጉድጓዱን ግድግዳ ወግቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ከቆዳው በላይ የወጣውም ቢሆን ቀለበት ሠርቶ ይመለስና አጠገቡ ያለውን ቆዳ ይበሳል። ሰውነት እንደ እሾኽ ቆጥሮት ያብጣል፣ ይመግላል፣ ሲድን ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ሐኪሞች «ሲውዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ» የሚል ረጅም ስም አውጥተውለታል። በጥቁሮች ወንዶች ላይ ያለው ስፋት በሕክምና ጽሑፎች ከ45 እስከ 83 በመቶ ተብሎ ይጠቀሳል። እንግዲህ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ለሚሆነው ወንድ የማይስማማ መሣሪያ ይዞ መጥቶ «ለወንድ ልጅ ከዚህ የተሻለ የለም» ማለት ምን ይባላል?

ጣጣው ከመልክ ያልፋል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ በዚህ ሕመም ምክንያት የሐኪም ወረቀት ይዘው ከመላጨት የተፈቀደላቸው ጥቁር ወታደሮች ለብዙ ዓመታት ከአለቆቻቸው ጋር ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። በኔብራስካ አንድ ጥቁር ሠራተኛ ጺምህን አልተላጨህም ተብሎ ከዶሚኖስ ፒዛ ተባርሮ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1993 የይግባኙ ችሎት ደንቡ ጥቁሮችን ነጥሎ እንደሚጎዳ፣ ኩባንያውም ለሥራው የግድ እንደሚያስፈልገው እንዳላስረዳ ወሰነ። ወደ እኛ ስመጣ ከሆቴል በር የሚቆመውን፣ ባንክ ውስጥ ካራቫት አሥሮ የሚቀመጠውን፣ የጥበቃ ዩኒፎርም የለበሰውን ልጅ አንገት እዩት። ተላጭቶ እንዲመጣ ታዟል። በምን እንደሚላጭ ግን ያዘዘው አልጠየቀውም። ደመወዙን ከፍሎ ለገዛው የላስቲክ መላጫ ቆዳውን መልሶ ይከፍላል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ተራው ምላጭ ድሮም ዛሬም ከየሱቁ አልጠፋም። ልብስ ሰፊው ስፌት ይፈታበታል፣ ተማሪው እርሳስ ይቀርጽበታል፣ እናት የልጇን ራስ ትላጭበታለች። የጠፋው ምላጩን የሚጎርሰው የብረት መላጫ ነው፤ እሱም ፈልጎ ለሚጠይቅ ይገኛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው በውበቱ አይታለል። ከምላጩ ሥር ያለውን የብረት ከንፈር ይመልከት። ከንፈሩ ድፍን የሆነ አለ፣ እንደ ሚዶ ጥርስ ያለው አለ። ሚዶው ለረዘመ ጺምና ለለመደ እጅ ነው፤ ጀማሪ ድፍኑን ይውሰድ። ምላጩ ከከንፈሩ እጅግ የወጣበትን አይግዛ፤ ቁጡ ነው። እየጠመዘዙ የሚያጠቡትና የሚያሰፉት ዓይነትም አለ፤ ለጀማሪ እጅ መፈታተኛ ከመሆን በቀር ጥቅም የለውም። ከሁሉ የሚበልጠውና ማንም ሻጭ የማይነግረው ግን ይህ ነው፦ ምላጩን አስገብቶ ካጠበቁ በኋላ ወደ ብርሃን ይዞ ከፊት ለፊት ማየት። የምላጩ ጠርዝ በሁለቱም ጎን እኩል ካልወጣ፣ ወይም አንደኛው ጫፍ ዘመም ካለ፣ መልሶ ፈትቶ ማሰር ነው፤ ደግሞም ካጋደለ መላጫው ራሱ ጠማማ ነውና ለሻጩ ይመለስ። በረከሰ መላጫና በደህናው መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የሶሊንገኑን «መርኩር» ማግኘት የቻለ ያግኝ፤ ያልቻለ ቀጥ ያለውን ርካሽ ቢይዝ አይጎዳም። ምላጭን በተመለከተ ጃፓኑን «ፌዘር» እጁ እስኪሰላ ያቆየው፤ በጣም ስለታም ነው። ከሌሎቹ ሁለት ሦስቱን ሞክሮ ፊቱ የወደደውን ይያዝ። ሦስት አራት ጊዜ ከተላጨበት በኋላ ይጣል። የደነዘ ምላጭ ጸጉር ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም፤ ከዚያም እጅ ይጫናል።

የመጫን ነገር ከተነሣ፣ የላስቲክ መላጫ ያስተማረን ክፉ አመል እሱ ነው። ላስቲኩ ቀላል ስለሆነ ካልጫኑት አይላጭም። የብረቱ መላጫ ግን የራሱ ክብደት አለው፤ ሥራው ክብደቱን መምራት ብቻ ነው። መጀመሪያ ጺሙን ሁለት ሦስት ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ማራስ፤ ውኃ የጠጣ ጸጉር ከደረቁ ይልቅ በጣም ይለሰልሳል። ከዚያ ሳሙናውን በብሩሽ ወይም በጣት እስኪያረፋ መምታት። ከዚያ የመላጫውን አናት ጉንጭ ላይ አስተኝቶ፣ ምላጩ ጸጉሩን እስኪነካ ድረስ እጀታውን ቀስ በቀስ ዝቅ ማድረግ፤ 30 ዲግሪ ገደማ ላይ ያገኘዋል። እዚያው አንግሉን ጠብቆ አጠር አጠር እያደረጉ መሳብ ነው።

አቅጣጫውን ማወቅ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ከመላጨቱ በፊት በነበረው ቀን ጣትን ጺም ላይ እያስኬዱ ወዴት እንደሚለሰልስ ወዴት እንደሚኮሰኩስ መዳሰስ ያስፈልጋል። ጉንጭ ላይ ብዙውን ጊዜ ቁልቁል ነው። አንገት ላይ ግን ወደ ጎን ይተኛል፣ ወደ ላይ ይዞራል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ እንደ አውሎ ነፋስ ይሽከረከራል። ከርዳዳ ጺም ያለው ሰው በአበቃቀሉ ይላጭ፣ ሽቅብ አይላጭ፣ በሌላው እጁም ቆዳውን አይወጥር። የተወጠረ ቆዳ ሲለቀቅ ጸጉሩን ይውጠዋል፤ ያን ጊዜ ከባለ አምስቱ ምላጭ በምንም አልተሻልንም። አንድ ዙር ብቻ። ጥላ የመሰለ ትንሽ ጺም ይቀር ይሆናል፤ ይቅር። እንደ ዕንቁላል ቅርፊት የለሰለሰ አገጭ የማስታወቂያ አገጭ ነው፤ ከርዳዳ ጺም ያለን ሰዎች ያንን ስንመኝ ነው የምንቆስለው።

ይህን ሁሉ አድርጎም የሚያብጥበት አይጠፋም። እሱ ምላጭ ይተው፤ በቶንዶዝ ያሳጥር ወይም ያሳድግ። አሠሪውም የሐኪም ወረቀት ሳይጠይቅ ይፍቀድለት። እብጠቱ እስኪጠፋ ድረስ መላጨት ማቆም ከማንኛውም ቅባት ይልቅ እንደሚፈውስ የቆዳ ሐኪሞች ይስማማሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ የብረቱን መላጫ ጣዖት ያደረጉትም አልጠፉም። በፈረንጅ አገር አንዱን እጀታ በመቶ ዶላሮች እየገዙ፣ ብሩሹ ከየትኛው አውሬ ጸጉር ይሁን እያሉ የሚከራከሩ ወንዶች አሉ፤ ወደ እኛም ብቅ ማለታቸው አይቀርም። እነሱን ከነጋዴው ለይቼ አላያቸውም፤ ቁልፉን በወርቅ ለበጡት እንጂ አልከፈቱትም። የዚህ መላጫ ጥቅሙ ተራነቱ ነው። ተራ በመሆኑም ነው በአንድ ቤት የሚኖሩ ሦስት ወንድማማቾች ለየራሳቸው ሊይዙት የሚችሉት። ስለ ኤድስ ስንማር ከሰማናቸው የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ ምላጭ በጋራ አለመጠቀም ነበር፤ የጉበት ቫይረስም በዚያው መንገድ ይተላለፋል። ውድ የሆነው ባለ አምስት ምላጭ ራስ ግን ቶሎ አይጣልም፤ «አንዴ ስጠኝ» ያሉት ሁሉ ይላጩበታል።

አንድ የቀረኝ ያለቀው ምላጭ ጉዳይ ነው። ድሮ በአሜሪካ ቤቶች የመታጠቢያ ክፍሉ ሣጥን ጀርባ ላይ ስንጥቅ ነበረው፤ ምላጩ በዚያ ገብቶ ግድግዳ ውስጥ ይወድቅና ይቀራል። ዛሬ ቤት የሚያፈርሱ ሰዎች ከግድግዳ ውስጥ የዛገ ምላጭ ክምር ያገኛሉ። በእኛ ቤት ግን ያለቀ ምላጭ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር በፌስታል ይጣላል፤ የሚያገኘው ደግሞ ቆሻሻ የሚያነሣው ልጅ እጅ ነው። ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ አፉን አሽጎ አናቱን በቢላ መሰንጠቅ ይበቃል። አንድ ጣሳ ለብዙ ዓመት ነው የሚሞላው። ሲሞላ ልዋጭ ባዩ ብረት ነውና ይወስደዋል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን አስቀድሞ ይነገረው።