የቀጥቃጭ ልጆች ሙዚቃ

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፣ አንድ ዓርብ በምሳ ዕረፍት፣ እኛ የ12ኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት የጁዳስ ፕሪስትን አንድ ዘፈን ለቀቅን። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ገመዱ ተነቀለ። የተሰጠን ምክንያት አጭር ነበር፤ «ይሄ የሰይጣን ሙዚቃ ነው፣ ትንንሽ ልጆች ይሰማሉ» የሚል። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን የሚሰማው አስቀድሞ ዝርዝሩ የታየለት ሙዚቃ ብቻ ሆነ። ያን ቀን አልተከራከርንም። መምህሮቻችንን እናከብራለን፤ ደግሞም በምሳ ሰዓት ተከራክሮ የረታ ተማሪ አይተን አናውቅም። ይህ መጽሔት ግን ቦታ ስለሰጠን ያን ቀን የዋጥነውን አሁን እንናገራለን።

ዘፈኑ የመጣው በኤፕሪል 1980 ከወጣ አልበም ነው። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ 1972 መሆኑ ነው፤ ወላጆቻችን ገና ልጆች ነበሩ። በዚያ በአንድ ወር ውስጥ እንግሊዝ አገር የጁዳስ ፕሪስት «ብሪቲሽ ስቲል»፣ የብላክ ሳባት «ሄቨን ኤንድ ሄል» እና የአይረን ሜይደን የመጀመሪያ አልበም ወጡ። ሄቪ ሜታል ከዚያ ወር የተሻለ ወር አላየም ብለን እናምናለን፤ የሚከራከረን ካለ እስከ ምረቃው ቀን ድረስ እዚሁ ነን።

«ብሪቲሽ ስቲል» ማለት «የእንግሊዝ ብረት» ማለት ነው። የመንግሥቱ የብረታ ብረት ኩባንያም ስሙ ይኸው ነበር። አልበሙ በሚቀዳበት ክረምት ከመቶ ሺህ በላይ የብረት ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር፤ አድማው ከጃኑዋሪ 2 እስከ ኤፕሪል 3 ቀን 1980 ዘልቋል። ከጊታር ተጫዋቾቹ አንዱ ግሌን ቲፕተን ሙዚቀኛ ከመሆኑ በፊት በዚያው ኩባንያ ይሠራ ነበር። እኛ ያሰማነው ዘፈን ስለ አንድ ሥራ አጥቶ ስለሚንከራተት፣ የሚያደምጠው ስላጣ ወጣት ነው። ርዕሱ «ሕግ መጣስ» ማለት መሆኑ እንዳልጠቀመን አይጠፋንም። መምህራችንን ያስደነገጠው የፖሊስ ሳይረን ደግሞ ሳይረን አይደለም፣ ጊታር ነው። የሚሰበረው ጠርሙስ የወተት ጠርሙስ ነው። «ሜታል ጎድስ» በተባለው ዘፈን ውስጥ የብረት ሰዎች እግር የሚመስለው ድምፅ የወጣው ከወጥ ቤት በመጣ የማንኪያና የሹካ ትሪ ነው። ቅጂው የተካሄደው ቀድሞ የጆን ሌነን በነበረ ትልቅ ቤት ውስጥ ነበርና ወጥ ቤቱ ሩቅ አልነበረም። የተነቀለብን ዘፈን በጠቅላላው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው፤ ትንሽ ቢታገሱን በራሱ ጊዜ ያልቅ ነበር።

የብላክ ሳባቱ ቶኒ አዮሚ ታሪክ ግን ከሁሉም ይበልጥብናል። ቶኒ የበርሚንግሃም ልጅ ነው፤ በቆርቆሮ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ17 ዓመቱ፣ ሥራውን ሊለቅ በተነሣበት በመጨረሻው ቀን፣ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ማሽን ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክሮች የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነበር። ተስፋ ቆርጦ ሳለ የፋብሪካው አለቃው የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው፤ ጃንጎ እጁ ተቃጥሎ በሁለት ጣት የሚጫወት የጊታር ሊቅ ነበር። ቶኒ የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ በላዩም ቆዳ ለጠፈበት። ቀጫጭን ክር መጠቀም ጀመረ፤ ኋላም ክሮቹን አላላቸው። ዛሬ የሄቪ ሜታል ተብሎ የሚታወቀው ወፍራም፣ ወደ ታች የወረደ ድምፅ አንዱ ምንጩ ይህ የተጎዳ እጅ ነው። በ1979 ቡድኑ ዘፋኙን ኦዚ ኦዝበርንን ሲያሰናብት ብዙዎች አበቃለት ብለው ነበር። አሜሪካዊው ሮኒ ጄምስ ዲዮ መጣና «ሄቨን ኤንድ ሄል» ተሠራ። የርዕሱን ዘፈን ሰባት ደቂቃ ሙሉ ስሙት፤ ቤዙ ብቻውን ከሥር እየረገጠ ሲሄድ ዲዮ በላዩ እንደ ሰባኪ ይነሣበታል።

የአይረን ሜይደን አልበም አከራክሮናል። ግማሾቻችን ቅጂው ቀጭን ነው እንላለን፤ መሥራቹ ስቲቭ ሃሪስም በቅጂው አልረካም ነበር። ያም ሆኖ የምሥራቅ ለንደን ልጆቹ እንደ ብሪቲሽ ስቲል ሁሉ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ እስከ 4ኛ ደርሰዋል። ሃሪስ ቤዝ ጊታሩን ፊት መሪ ያደረገ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት መንገድ ይጠርግ ነበር።

አሁን ወደ ሰይጣኑ ጉዳይ እንመለስ። እውነቱን አንደብቅም። ብላክ ሳባት ስሙን የወሰደው ከአስፈሪ ፊልም ርዕስ ነው፤ በ«ሄቨን ኤንድ ሄል» ሽፋን ላይ ሦስት መላእክት ሲጋራ እያጨሱ ካርታ ይጫወታሉ። የአይረን ሜይደንን የመጀመሪያ ዘፈን ደግሞ እኛም ለትንንሾቹ አናሰማም፣ ግጥሙ ለልጅ አይሆንም። እነዚህን አንድ በአንድ መምረጥ ግን አንድ ነገር ነው፣ ሙዚቃውን በጅምላ የሰይጣን ብሎ ገመድ መንቀል ሌላ።

ይህ ፍርድ ለእኛ ሰዎች አዲስ አይደለም። በአገራችን ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራልንን ቀጥቃጭ ቡዳ እያልን ስንሸሸው ኖረናል። ማረሻውን ግን አልመለስንለትም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ከዐዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። እሳትና ብረት የያዘ ሰው፣ ድምፁ የሚያስፈራ ሰው፣ ከክፉ መንፈስ ጋር ይቆራኛል። የበርሚንግሃም ፋብሪካ ልጆችን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰይጣን ያሰኘውም ይኸው የቆየ ፍርሃት ይመስለናል።

እኛ ደግሞ ናይሮቢ ነው ያደግነው። ካሙኩንጂ በጁዋ ካሊዎቹ በኩል ያለፈ ሰው ይህን ሙዚቃ ሰምቶታል፤ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ሱፍሪያ፣ የተማሪ ሳጥንና የእጅ ጋሪ የሚሠሩት ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ ያሰሙታል። የናይሮቢዎቹ ዱማዎች በ2020 አልበማቸውን ሲያወጡ ከዚህ ከተማ ጩኸት ርቀው እንዳልሄዱ ጆሯችን ይመሰክራል። ከእኛ የአንዱ አባት በያጅ ናቸው። «ሜታል ጎድስ»ን በጆሮ ማዳመጫ እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣ «ራስ ያዞራል፤ ግን ሥራ ቦታ ያለሁ መሰለኝ» አሉን። ከዚያ እንደገና ክፈቱልኝ አሉ።

ስለዚህ የምንጠይቀው በምሳ ሰዓት በትልቁ ስፒከር እንዲለቀቅ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ዓርብ ከትምህርት በኋላ አንድ ክፍል ይፈቀድ፣ የፈለገ ተማሪ ይግባ፣ የሚቃወሙ መምህራንም ከፊት ወንበር ይቀመጡና አንዱን አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን እንስማ። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ፣ ክልከላም ቢሆን፣ የሰማ ሰው ፍርድ ነውና እንቀበለዋለን። እኛ ያን ጊዜ እዚህ አንኖርም። ሦስቱን አልበሞች የያዘውን ሰማያዊ ፍላሽ ለተረካቢዎቻችን በሚኒ ሚዲያው ቁምሳጥን ታችኛ መደርደሪያ ላይ ትተናል። ቁልፉ ያለው ገመዱን በነቀሉት መምህራችን እጅ ነው።