ስንቁ ለሐጅ ነው ወይስ ለገበያ?

ሐጃጅ ሲሸኝ ከዱዓው ጋር የዕቃ ዝርዝር ይሰጠዋል፡፡ ለአንዷ ወርቅ፣ ለሌላው ሽቶ፣ ለጎረቤት መስገጃ! እኔም ካዘዙት አንዱ ነበርኩ፡፡ ምስኪኑ «ባዶ እጁን መጣ» እንዳይባል ሪያሉን መካ ገበያ ላይ ያራግፈዋል፡፡

ከዚያስ? ከሩቅ አገር መጥቶ ዑምራውን አስቀድሞ በተመቱዕ ሐጅ የሚያደርግ ሰው ሀድይ ግዴታው ነው፡፡ ያጣ በሐጅ ላይ 3፣ ሲመለስ 7 ቀን እንዲጾም በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 196 ተደንግጓል፡፡ ይህ ማቅለያ ግን ላጣ ሰው እንጂ፣ ሻንጣውን ሞልቶ «ገንዘብ አለቀብኝ» ለሚል መሸሸጊያ አይደለም፡፡

ቀጣዩ አንቀጽ 197 ስንቅ እንድንይዝ ያዘናል፡፡ ኢብኑ ዐባስ እንደዘገቡት የወረደው ያለ ስንቅ ለሐጅ መጥተው ሰው ይለምኑ በነበሩ የየመን ሰዎች ምክንያት ነው፡፡ ዛሬ ደግሞ ስንቅ ይዞ ሄዶ፣ በትኖ የሚለምን አለ!

ወንድሜ ሆይ! እህቴ ሆይ! ገንዘባችሁን ከቤት ሳትወጡ በአራት ቋጠሮ ክፈሉት፤ አስቀድሞ ካልተከፈለ የሀድይ፣ የምግብ፣ የሕመምና የድንገተኛ፣ በመጨረሻም የስጦታ፡፡ የመጨረሻው ባዶ ቢሆን ነውር የለበትም፡፡ ቤት የምንቀረውም ዝርዝራችንን እንቅደድ፡፡ ከሐጃጅ የሚጠየቀው ዱዓ ነው፡፡