የኤፒ ክሬዲት አናፖሊስ ሲደርስ

በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወላጆቻችን የኤፒን (አድቫንስድ ፕሌስመንት) ስሌት ጠንቅቀው ያውቁታል። ልጁ ገና ሃይስኩል እያለ የኮሌጅ ደረጃ ያለው ትምህርት ይማራል፤ በሜይ ወር ይፈተናል፤ ከፍተኛው ነጥብ 5 ሲሆን፣ 4 ወይም 5 ካመጣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲት ይሰጡታል። ከተጠራቀመ አንድ ሴሚስተር፣ አንዳንዴም ዓመት ይቀንስለታል። ሁለት ሥራ እየሠራ ልጅ ለሚያስተምር ቤተሰብ የአንድ ዓመት ክፍያ መቅረቱ ትልቅ እፎይታ ነው።

ልጁ ዌስት ፖይንት ወዳለው የምድር ጦር፣ አናፖሊስ ወዳለው የባሕር ኃይል ወይም ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወዳለው የአየር ኃይል አካዳሚ ሲያመለክት ግን ይህ ስሌት አይሠራም። እዚያ የትምህርት ክፍያ የለም፤ እንዲያውም ተማሪው በየወሩ ደመወዝ አለው። ዕዳውን የሚከፍለው ከተመረቀ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት በመኮንንነት በማገልገል ነው። ጊዜውም አያጥርም። አሥር ኤፒ ያለፈም አንድም ያልወሰደም አራቱን ዓመት እኩል ይቆያሉ፤ የመኮንንነት ሥልጠና በክሬዲት አይዘለልም።

ታዲያ ልጁ ለምን ይድከም? እኔ መድከሙን አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በአካዳሚዎቹ ታሪክ ወይም እንግሊዝኛ ያጠና ተማሪም የሚመረቀው በሳይንስ ባችለር ነው። ካልኩለስ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ምህንድስና ለሁሉም ግዴታ ናቸው። በጥሩ የኤፒ ውጤት ወይም በአካዳሚው የምደባ ፈተና ከእነዚህ አንዱን ያለፈ ተማሪ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይሸጋገራል። የተከፈተለት ቦታ የዕረፍት ሰዓት አይደለም፤ በሌላ ኮርስ ይሞላል። ሁለተኛ የትምህርት ዘርፍ የሚጨምር፣ ከመምህራን ጋር ጥናት የሚሠራ፣ አናፖሊስ ላይ ደግሞ ገና ሳይመረቅ ማስተርሱን የሚጀምር ተማሪ የሚገኘው ከእንዲህ ዓይነቶቹ መካከል ነው። ትርፉ ያለው በዕውቀቱ ጥልቀት እንጂ በተቆጠበው ዶላር አይደለም።

ስለዚህ የኤፒ ብዛት እየቆጠሩ ልጅን ማስጨነቅ ለዚህ መንገድ ከንቱ ነው። በደንብ የገቡት ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ለስም ከተወሰዱ ስምንት ኮርሶች ይበልጡብኛል። የአካዳሚዎቹ መራጮች ልጁ ከበድ ያለ ትምህርት መውሰዱን ማየታቸው አይቀርም፤ ከሩጫውና ከፑሽ አፑ፣ ከስፖርት ቡድን መሪነቱ ጋር አብረው ይመዝኑታል። (የአሜሪካ ዜግነትና አብዛኛውን ጊዜ ከኮንግረስ አባል የሚገኝ ዕጩነት እንደሚጠየቅም ከወዲሁ ይታወቅ፤ ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም።)

ብዙዎች የማይስማሙበት ሐሳብም አለኝ። በካልኩለስ 5 ያመጣ ልጅ ሁልጊዜ መዝለል የለበትም። የአናፖሊስ አዲስ ገቢ በጋውን የሚያሳልፈው ያለ ስልክ፣ ከንጋት እስከ ማታ ሲሮጥና ሲታዘዝ ነው። በዚህ መሃል የረሳውን ሒሳብ ይዞ ሦስተኛው ካልኩለስ ውስጥ ቢገባ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሊንገዳገድ ይችላል። ውጤቱ ደግሞ ከሌሎች መመዘኛዎች ጋር ተደምሮ ሲመረቅ በሚመደብበት ሥራ ላይ ይንጸባረቃል። የሚያውቀውን ኮርስ ደግሞ ወስዶ መሠረቱን ቢያጠብቅ ማንም «ጊዜ አባከነ» ሊለው አይገባም፤ አራቱ ዓመት እንደሆኑ አራት ናቸው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኤፒ ውጤት የሚወጣው በጁላይ፣ ልጁ አካዳሚ ከገባ በኋላ ወይም በሚገባበት ሰሞን ነው። ለቅበላው አይደርስም፤ ለምደባው ግን ይደርሳል። በኤፕሪል የመቀበያው መልስ እጁ ሲገባ ብዙ ልጅ ይዘናጋል፤ ወላጅም ደስታው ውስጥ ሆኖ ዝም ይለዋል። የሜዩን ፈተና ከልቡ ይፈተን፤ ከዚያም ቤት በሚቆይባቸው ጥቂት ሳምንታት ከግብዣውና ከስንብቱ መሃል ለካልኩለስ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይመድብ።