ሟርት ነው ወይስ ትምህርት?
ከጥፋት በኋላ ያለውን ዘመን የሚተርኩ ልብ ወለዶችን ስለ ማንበብ

ዓለም ከጠፋች በኋላ የተረፉ ጥቂት ሰዎች እንዴት እንደ ኖሩ የሚተርኩ ልብ ወለድ ድርሰቶች በአገራችን ሁለት ዓይነት ተቃዋሚ አላቸው። አንደኛው ወገን «ክፉ ነገር ሲጠሩት ይመጣል፤ ይህ ሟርት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ይህ የፈረንጅ ጥጋብ የወለደው ቅዠት ነው፤ ጠግቦ የሚያድር ሰው ረኃብን ለጨዋታ ይጽፈዋል፤ ችግርን በዓይናችን ላየን ለእኛ ምን ይረባናል?» ይላል። በሁለቱም ወገን የተከበሩ ሽማግሌዎችና መምህራን ስላሉ ነገራቸውን በዝምታ ማለፍ አይገባም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ተሳስተዋል ብለን እናምናለን፤ ስለ ምን እንደ ሆነም እናስረዳለን።

አስቀድመን ሟርት ነው ለሚሉት እንመልስ። እኛ በአዊ ምድር በጥርባ አጠገብ የምንኖር ሰዎች ዘወትር የምናየው ሐይቅ ራሱ ምስክራችን ነው። የምድርን አፈጣጠር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ጥርባም ሆነ ዘንገና፣ እሳተ ገሞራ ምድርን ሰንጥቆ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ የተፈጠሩ ሐይቆች ናቸው። ያን ጊዜ በዚያ ስፍራ የነበረው ሣርና ዛፍ ሁሉ ተቃጠለ ብንል አንሳሳትም። ዛሬ ግን ዳሩ ለምልሞ ከብት ይሰማራበታል። ይህን ለተማሪዎቹ የሚያስረዳ መምህር እሳትን ይጠራል የሚል ማን ነው?

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ወርዶ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ብዙ ሰው ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ ይቃጠላል፤ ሕዝቡም «ኅዳር ሲታጠን» ይለዋል። ያን ክፉ ዘመን ማሰብ ንጽሕናን አስተማረ እንጂ በሽታውን አልጠራም። ስለ ጥፋት የተጻፈ መልካም ድርሰትም ሥራው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ወገን ነገሩ የባዕድ ነው ይላል። እንዲህ የሚል ሰው በገዛ ቤቱ ያለውን መጽሐፍ አልገለጠም ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት መካከል በሚቈጠረው በተረፈ ባሮክ ውስጥ፣ ነቢዩ ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ኢየሩሳሌም በምትጠፋበት ዋዜማ በለስ ሊያመጣ ተልኮ ይሄዳል። ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ጋደም ቢል 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ የለቀመው በለስ ገና ወተቱን ያንጠባጥባል፤ ከተማዪቱን ግን ሊያውቃት አልቻለም፤ ቤቱን ቢፈልግ አጣው፤ ዘመዶቹን ቢጠይቅ የሚያውቃቸው አልተገኘም።

ይህን ቅዱስ መጽሐፍ ልብ ወለድ ነው ማለታችን አይደለም። የምንለው፣ ከእንቅልፉ ነቅቶ ዓለሙን የማያውቀው ሰው ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዊንደም እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው በ«ትሪፊዶች ቀን»፣ ዓይኑ ታስሮ በሐኪም ቤት የተኛ ሰው ሲነቃ አገሩ በሙሉ ታውሮ ያገኛል። አንባቢው ይህን አዲስ ነገር ነው ብሎ ሲያደንቅ፣ የአቤሜሌክን ታሪክ ያነበቡ አባቶቻችን ግን «ይህንስ እናውቀዋለን» ባሉ ነበር።

የክፉ ቀንም ታሪክ አለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከአገሪቱ ከብት አብዛኛውን ጨረሰ፤ በሬ ጠፋ፤ እርሻ ቆመ፤ ረኃብና ወረርሽኝ ተከተለ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መኳንንቱና ሕዝቡ መሬቱን በእጃቸው እንዲቈፍሩ ለማበርታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ በታሪክ ተጽፏል። በሬ ባለቀበት አገር ንጉሥ ዶማ ሲያነሣ፤ ከጥፋት በኋላ ስላለው ዘመን ለመጻፍ ለሚፈልግ ደራሲ ከዚህ የሚበልጥ መነሻ ከወዴት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ2015 የስፔይኑ ተወላጅ ሚጌል ሊያንሶ «ክራምብስ» የተባለውን ከጥፋት በኋላ ያለውን ዓለም የሚያሳይ ፊልም የሠራው በአገራችን ምድር፣ በአገራችን ተዋንያን፣ በአማርኛ ቋንቋ ነው። እንግዳ ሰው በደጃችን ያለውን ሲያየው እኛ አላየንም ብንል ለእኛ ነቀፌታ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ስም የሚጠራ ሁሉ ይነበብ አንልም። ሬሳን በሬሳ ላይ እየከመረ፣ ሰው ሁሉ ለሰው አውሬ እንደሚሆን ብቻ የሚደጋግም መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ወጣቶቻችንም ከሁሉ አስቀድመው የሚያገኙት ይህንኑ ነው። እኛ የምንመዝንበት ሚዛን አንድ ነው፤ ይኸውም የተረፈው ሰው ምን ይዞ ተረፈ? የሚል ጥያቄ ነው። ጠመንጃ ብቻ ይዞ የተረፈ እንደ ሆነ መጽሐፉን መዝጋት ነው፤ ዘር፣ ፊደል ወይም ሕግ ይዞ የተረፈ እንደ ሆነ ግን ማንበብ ነው። በዚህ ሚዛን ሦስት መጻሕፍትን እናመለክታለን።

የመጀመሪያው ጆን ክሪስቶፈር የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው «የሣር ሞት» ነው። አንድ በሽታ ሩዝን፣ ቀጥሎም ስንዴንና ገብስን ሣርንም ሁሉ ያጠፋል። ሁለት ወንድማማች አሉ፤ አንዱ በሸለቆ ውስጥ ባለው እርሻው አስቀድሞ ድንች ተክሏል፤ ሌላው ቤተሰቡን ይዞ ከከተማ ወደዚያ ይሸሻል። በመጨረሻ ሸለቆው ይገኛል፤ ወንድም ግን ይጠፋል። ገብስና ድንች የሚያመርት የአዊ ገበሬ ይህን መጽሐፍ ሲያነቡለት አይስቅም። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙው ገበሬ ኑሮውን በከሰል ዛፍ በዲከረንስ ላይ ከጣለ በኋላ በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ዛፉ ሲደርቅ አይተናል። በአንድ ተክል ብቻ መታመን ምን እንደሚያመጣ የሚያስተምር ድርሰት ለእርሻ ሠራተኛ ከብዙ ስብሰባ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው አሜሪካዊው ዋልተር ሚለር የጻፈው «ለሊቦዊትዝ የተዘመረ መዝሙር» ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ሚለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የሞንቴ ካሲኖ ገዳም በቦምብ ሲመታ በዘመቻው ከነበሩት የአየር ኃይል ወታደሮች አንዱ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ዓለም በኑክሌር እሳት ከነደደች በኋላ የተቈጣው ሕዝብ የተማረውን ሰው ይገድላል፤ መጻሕፍትንም ያቃጥላል። ጥቂት መነኮሳት ግን የተረፈውን ወረቀት ደብቀው፣ ትርጉሙን እንኳ ሳያውቁ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ይገለብጡታል። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት አገሪቱ ስትታወክ ብራናዎችን በጣና ደሴቶች የሸሸጉ አባቶች ልጆች ይህን ሲያነቡ የራሳቸውን ታሪክ ያገኙበታል። ሚለር ግን በዚህ አያበቃም፤ ዕውቀቱ ተመልሶ ሲያብብ ሰው ሁለተኛ እሳቱን ይለኩሳል። ጥበብ የሌለው ዕውቀት ምን እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ተጽፎ አላየንም።

ሦስተኛው አሜሪካዊው ጆርጅ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው ነው። ርእሱ «ምድር ግን ጸንታ ትኖራለች» ማለት ሲሆን ከመጽሐፈ መክብብ የተወሰደ ነው። ኢሽ የተባለ ወጣት ከተራራ ሲወርድ ሰዎች በበሽታ አልቀው ያገኛል። በአጠገቡ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሳይነካ ቆሟል፤ ኢሽም ሥልጣኔን የሚያስመልስልኝ ይህ ነው ብሎ በብርቱ ይጠብቀዋል። ልጆቹ ግን ፊደል አይወዱም፤ ማንበብ የቻለው አንዱ ሕፃን ይሞታል። በመጨረሻም ኢሽ ለልጆቹ ቀስት መሥራትን ብቻ አስተምሮ ያልፋል። መጻሕፍቱ በየመደርደሪያቸው ይቀራሉ፤ የሚገልጣቸው የለም።

እንግዲህ ሁለቱን የአሜሪካ መጻሕፍት እናስተያይ። በሚለር ዓለም መጽሐፍ ጠፋ፤ አንባቢው ግን ተረፈ፤ ስለዚህም ሥልጣኔ ተመለሰ። በስቱዋርት ዓለም መጽሐፉ ተረፈ፤ አንባቢው ግን ጠፋ፤ ስለዚህም ሥልጣኔ ሞተ። ከሁለቱ ጥፋቶች የሚከፋው ሁለተኛው ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ የሩቅ ተረት አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ምክንያት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ፊደል መቁጠር የሚገባቸው ብዙ ሕፃናትም ሳይቈጥሩ ዓመታት አልፈውባቸዋል። የተሰበረ ግድግዳ በአንድ በጋ ይሠራል፤ ያልተማረ ትውልድ ግን በአንድ በጋ አይሠራም። «ክፉውን አናንሣ» የሚለው ወገን ልብ ሊለው የሚገባው ይህን ነው፤ ክፉው ሳይጠሩት መጥቷልና።

ስለዚህ ከአራት ወገን አራት ነገር እንጠይቃለን። መምህራን ከእነዚህ መጻሕፍት ቢያንስ አንዱን ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው በቃል ይተርኩላቸው፤ ተማሪው ካለበት ኑሮ ጋር እያስተያየ ይከራከርበት። ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች መጻሕፍቱን በተጣራ አማርኛ፣ በአገውኛም ጭምር ይተርጕሙልን። ደራሲዎቻችንም ፈረንጅን ከመቅዳት ይልቅ የአቤሜሌክን በለስና የክፉ ቀንን ዶማ ይዘው ይነሡ። ባለሥልጣኖችም ይህን ሥራ እንደ ትርፍ ጨዋታ አይቍጠሩት፤ ትምህርት ቤት ሲሠራ የሚነበብ መጽሐፍ፣ መጽሐፍም ሲታተም የሚያነበው ልጅ አብሮ ይታሰብ።

ዘር የሚቀመጠው ለክፉ ቀን ነው። ዘር የሚያስቀምጠውን ገበሬ ግን አስተዋይ እንለዋለን እንጂ ሟርተኛ አንለውም።