«የት ናችሁ?» ሲሉን ምን እንመልሳለን?



መንገድ ላይ ሰው ሲወድቅ ብዙዎቻችን ቀድመን የምንከፍተው የስልካችንን ካሜራ ነው። የሚደወልበትን ቁጥር ብንጠየቅ ግን ስንቶቻችን እንመልሳለን? የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በአዲስ አበባ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ መስመር 939፣ ፖሊስ 991። በሌላ ከተማ የምንኖር የከተማችንን የእሳት አደጋና የጤና ጣቢያውን አምቡላንስ ቁጥር ዛሬውኑ ጠይቀን እንያዝ።

ቁጥሩ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ «የት ናችሁ?» ስንባል ነው። በቤት ቁጥር ቤት የሚያገኝ ሹፌር ብዙ የለም። ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ ከዚያ የሚታወቅ ምልክት እንናገር። «ከመስጂዱ ጀርባ» ማለትም አይበቃም፤ የትኛው መስጂድ? ስሙን እንጥራ። አንድ ልጅ አስፋልት ዳር ወጥቶ ይጠብቅ፤ የደወልንበትን ስልክ በሌላ ወሬ አንያዘው።

ሽማግሌ እስኪመክርበት የማይጠብቅ ሕመም አለ። የአንድ ሰው ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ይረፍ» ብለን እስኪነጋ ማስተኛት ትልቅ በደል ነው። የጀመረበትን ሰዓት እንያዝ፣ ሐኪሙ ይጠይቀናል። የወለደች እህት ደሟ አልቆም ካለም ወዲያው ይደወል። በረመዳን የስኳር ሕመም ያለበት ጾመኛ ራሱን ስቶ ከወደቀም እንዲሁ፤ ራሱን በሳተ ሰው አፍ ግን ተምርም ሆነ ውሃ አይጨመርም።

ክብሪት ማሽተትንስ መቼ ነው የምንተወው? የሚጥል በሽታ የተነሳበትን ሰው ጭሱ አያድነውም። በጎኑ እናስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም አንክተት፣ ሰዓት እንያዝ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ይደወል።

እውነቱን እንነጋገርና፣ አምቡላንስ የሚዘገይበት ቀን አለ። ያን ጊዜ በተገኘው መኪና መውሰድ ነውር የለውም። መኪና የገጨውን ሰው እጅና እግሩን ይዞ ባጃጅ ውስጥ ማጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ሽባ ልናደርገው እንችላለን።

ከየመስጂዱ ጀመዓ የምንጠይቀው አንድ ወረቀት ነው። ዉዱእ ማድረጊያው አጠገብ፣ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ ቁጥሮቹ፣ ከሥራቸው የመስጂዱ ስም፣ ወረዳው፣ መኪና የሚገባበት በር።